ድምፃቸው በሚጎረንንበት ዓመት፦ የአንድ የወንዶች ትምህርት ቤት የኅብረ ዝማሬና የድራማ ክበብ የሥራ ማስታወሻ

መስከረም 20፣ 2017 ዓ.ም.

የዓመቱ የኅብረ ዝማሬና የድራማ ክበብ ምዝገባ ዛሬ ተጠናቀቀ። ከ5ኛ እስከ 10ኛ ክፍል ያሉ 40 ያህል ልጆች ተመዝግበዋል። የማስተምርበት የአዲስ አበባ ትምህርት ቤት ወንዶች ብቻ የሚማሩበት በመሆኑ፣ ዕቅዱ ከመጀመሪያው መስመር ጀምሮ አንድ ጉዳይ ከግምት ማስገባት አለበት፤ ይኸውም የብዙዎቹ ልጆች ድምፅ የሚጎረንነው ለመድረክ በምንዘጋጅባቸው በእነዚሁ ወራት ውስጥ መሆኑ ነው። መስከረም ላይ እንደ ዋሽንት ጠርቶ የሚወጣ ድምፅ የካቲት ላይ የት እንደሚገኝ አስቀድሞ የሚያውቅ የለም።

በየትምህርት ቤቱ የተለመደው ድምፁ መሰባበር የጀመረውን ልጅ «እስኪረጋልህ ድረስ ዕረፍ» ብሎ ከቡድኑ ማሰናበት ነው። ይህን ልማድ አጥብቄ እቃወማለሁ። በ13 ዓመቱ ከዝማሬ የተሰናበተ ልጅ በ16 ዓመቱ ተመልሶ ሲመጣ ያየሁት እጅግ ጥቂት ጊዜ ነው፤ አብዛኛው «እኔ ድምፅ የለኝም» የሚለውን ይዞ ያድጋል። ስለዚህ በዕቅዱ ራስጌ ላይ አንድ መመሪያ ጽፌያለሁ፦ ድምፁ ስለተለወጠ ከክበቡ የሚወጣ ልጅ አይኖርም፤ ዜማው ከድምፁ ጋር እንዲስማማ ይደረጋል።

በመጀመሪያው ስብሰባ እያንዳንዱ ልጅ ከቤቱ የሚያውቀውን እንዲያዜም ጠየቅሁ። ቡሄ ካለፈ ገና ሳምንታት ስለሆነው ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ሆያ ሆዬን አወጡ። አንድ የ9ኛ ክፍል ተማሪ ከአያቱ የሰማውን ጌራርሳ በኦሮምኛ አሰማን፤ ወላጆቹ ከወሎ የመጡ አንድ ልጅ ደግሞ በመንዙማ ጀመረና ጓደኞቹ ሳይነገራቸው ተቀበሉት። ከዚህ ቀን ያተረፍሁት ትልቅ ነገር ይህ ነው፦ ልጆቹ በአንድ አውጪና በብዙ ተቀባዮች የመዘመርን ሥርዓት ከደጃቸው ይዘውት መጥተዋል። አውጪው እንደ ድምፁ ያወጣል፣ ተቀባዩም እንደ ድምፁ ይቀበላል፤ የዓመቱ ሥራ በዚህ ላይ ይገነባል።

ጥቅምት 6

የድምፅ ልኬት። አሠራሩ ቀላል ነው። ልጁ ከ20 ወደ ታች በተፈጥሮ ንግግሩ እንዲቆጥር አደርጋለሁ፤ በሚቆጥርበት ጊዜ ድምፁ የሚያርፍበትን ቦታ በኪቦርዱ ላይ ፈልጌ አገኛለሁ። ከዚያ ተነስቶ «ም» እያለ አፉን ዘግቶ ወደ ላይ፣ ቀጥሎም ወደ ታች ይሄዳል። በደብተሬ ላይ ሦስት ነገሮችን እመዘግባለሁ፦ ሳይጨነቅ የሚደርስበትን ዝቅተኛ ድምፅ፣ ሳይጮኽ የሚደርስበትን ከፍተኛ ድምፅ፣ እንዲሁም በመካከሉ የሚሰበርበትን ቦታ።

ልጆቹ የሚሆነውን እንዲያውቁ ስለምፈልግ በሰሌዳ ላይ ሥዕል ሥዬ አስረዳኋቸው። በጉርምስና ጊዜ ማንቁርት ይተልቃል፤ በውስጡ ያሉት የድምፅ አውታሮች ይረዝማሉ፣ ይወፍራሉም፤ ረዥምና ወፍራም አውታር ደግሞ በዝግታ ስለሚርገበገብ ድምፁ በመጨረሻ አንድ ኦክታቭ (ከዶ እስከ ቀጣዩ ዶ ያለው ርቀት) ያህል ይወርዳል። ለውጡ በሚካሄድበት ወቅት ጡንቻዎቹ አዲሱን መጠን ገና ስላልለመዱት ድምፁ ያዳልጣል፣ ይቆራረጣል፣ ትንፋሽም ይበዛበታል፤ አንዳንዱ ልጅ ያለ ጭንቀት የሚዘምርበት ክልል ወደ ስድስት ድምፆች ያህል ይጠብባል። ይህን ስናገር ክፍሉ ጸጥ አለ። ከኋላ የተቀመጠ የ8ኛ ክፍል ተማሪ «ቲቸር፣ ታዲያ በሽታ አይደለም ማለት ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። ጥያቄው ከልቡ ስለነበረ መልሱን በሙሉ ክብደት ሰጠሁት። በዚያው ቀን የክበባችን የመጀመሪያ ደንብ ወጣ፦ የሌላው ድምፅ ሲሰበር የሚስቅ ልጅ አይኖርም።

ሦስት ረድፎች አሉን። ልጆቹ ራሳቸው ቀጫጭኖች፣ ተሸጋጋሪዎችና ጎርናኖች የሚል ስም አውጥተውላቸዋል። አንድ ልጅ ከረድፍ ወደ ረድፍ የሚዛወረው በልኬቱ ሲሆን፣ ዝውውሩ እንደ መውደቅ እንዳይታይ በሁሉም ፊት በጭብጨባ እንዲሆን ተስማምተናል።

ጥቅምት 27

በየትኛው ቅኝት እንጀምር የሚለውን ለመወሰን ክራር የሚጫወተውን የ10ኛ ክፍል ተማሪ ከጎኔ አስቀምጬ ሠራሁ። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ ሁሉም አምስት ድምፅ ያላቸው ቢሆኑም፣ ለሚለወጥ ድምፅ የሚሰጡት ምቾት እኩል አይደለም። የትዝታ ድምፆች ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ናቸው፤ ከመነሻው እስከ መጨረሻው ያለው ርቀት አንድ ትልቅ ስድስተኛ ብቻ ነው። መነሻውን ከመካከለኛው ዶ በታች ባለው ላ ላይ ስናስቀምጠው፣ ክልሉ የጠበበበት ተሸጋጋሪ እንኳ ዜማውን በሙሉ ሳይጨነቅ ይደርስበታል፤ ጎርናኖቹ አንድ ኦክታቭ ዝቅ ብለው ያንኑ ዜማ ይይዛሉ። ባቲ እስከ ሲ ስለሚዘልቅ ሰፋ ይላል። አንቺ ሆዬ በቅርብ ርቀት ያሉ ድምፆች ስላሉት ለጊዜው ለጎበዞቹ ብቻ ትቼዋለሁ። አምባሰል ግን ዶ፣ ሬ ፍላት (በግማሽ ድምፅ ዝቅ ያለ ሬ)፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ ፍላት በመሆኑ ክልሉ ከትዝታ እንኳ ይጠባል፤ የሚያስቸግረው ከዶ ወደ ሬ ፍላት ያለው ጠባብ እርምጃ ነው፤ ልጆቹ ሲቸኩሉ ሰፋ አድርገው ይረግጡትና ቅኝቱ ይጠፋል።

በመጻሕፍት የሚገኘው የአራት ድምፅ አደራደር፣ ሶፕራኖ፣ አልቶ፣ ቴነርና ባስ የሚለው፣ የረጉ ድምፆችን ታሳቢ ያደርጋል፤ ከዚህም ሌላ በትዝታ ዜማ ሥር የአውሮፓን የድምፅ ድርደራ ሲጭኑበት የቅኝቱ ጠባይ ይደበዝዛል የሚል እምነት አለኝ። ስለዚህ ሦስት መንገዶችን ብቻ እንጠቀማለን። አንደኛው ማውጣትና መቀበል ነው፤ ሁለተኛው ጎርናኖቹ መነሻውን ድምፅ ሳያቋርጡ ሲይዙ ሌሎቹ በላዩ ላይ የሚያዜሙበት ነው፤ ሦስተኛው አንዱ ረድፍ የጀመረውን ዜማ ሌላው ዘግይቶ ተከትሎት የሚገባበት ነው። አምስት ድምፅ ባለው ቅኝት፣ በተለይም በትዝታ፣ ይህ ሦስተኛው መንገድ እምብዛም አይጋጭም፤ ልጆቹም ያለ ብዙ ልፋት ኅብረት ያለው ድምፅ ሲያወጡ በራሳቸው ይደነቃሉ።

ኅዳር 18

የድራማው ጉዳይ ተወሰነ። የካቲት 23 የአድዋ በዓል ስለሆነ ትምህርት ቤቱ በየዓመቱ አንድ ዝግጅት ይጠብቃል፤ ልማዱም በመድረክ ላይ ጦርነት ማሳየት ነው። በዱላና በካርቶን ጋሻ የሚደረግ ፍልሚያ ልጆቹን ቢያስደስትም፣ ለተመልካች የሚያስተላልፈው ነገር ጥቂት ነው፤ ዝማሬውንም ከግርግሩ ሥር ይቀብረዋል። እኔ ያቀረብሁት ከአድዋ በፊት የሆነውን የመቀሌውን ከበባ ነው። በኅዳር 1888 ዓ.ም. አምባ አላጌ ላይ ድል ከተገኘ በኋላ፣ በሻለቃ ጋሊያኖ የሚመራው የጣሊያን ጦር እንዳ ኢየሱስ በተባለው ስፍራ በጠንካራ ምሽግ ውስጥ ነበረ። ምሽጉን በጥቃት መያዝ ብዙ ሰው ሲያስከፍል፣ እቴጌ ጣይቱ ከምሽጉ ውጭ ያለው የውሃ ምንጭ እንዲያዝ መከሩ፤ ምክራቸውም ተፈጸመ። በጥማት የተያዘው ጦር በጥር ወር ምሽጉን ለቀቀ፤ አፄ ምኒልክም ከነመሣሪያው ወደ ወገኖቹ እንዲሄድ ፈቀዱለት። ይህ ታሪክ ምክር አለው፣ ትዕግሥት አለው፣ ምሕረትም አለው፤ ከሁሉ በላይ ግን ጥማት በድምፅ ሊታይ የሚችል ነገር ነው።

ወዲያው የተነሣው ጥያቄ ጣይቱን ማን ይሆናል የሚለው ነበር። በአገራችን የዘመናዊ ቴአትር መጀመሪያ ላይ የሴት ገጸ ባሕርያትን ወንዶች ይጫወቱ ነበር፤ በወንዶች ትምህርት ቤቶችም ይህ ለረጅም ጊዜ ቀጥሏል። ዛሬ ግን አንድ ልጅ በቀሚስና በሻሽ ሲወጣ አዳራሹ በሳቅ ይሞላል፤ በሳቅ መካከል ደግሞ የእቴጌይቱ ምክር አይሰማም። ምክትል ርእሰ መምህሩ ከአንድ የሴቶች ትምህርት ቤት ተማሪ እንድንጋብዝ ሐሳብ አቀረቡ፤ መልካም ሐሳብ ነው፤ ሆኖም የሁለቱ ትምህርት ቤቶች የልምምድ ሰዓት ሊገናኝ አልቻለም።

በመጨረሻ የደረስንበት ውሳኔ ይህ ነው። ጣይቱ በአካል መድረክ ላይ አይታዩም። ቃላቸውን ቀጫጭኖቹ በአንድነት ከመድረኩ በስተቀኝ ቆመው ያዜሙታል፤ ምኒልክን የሚጫወተው ጎርናና ድምፅ ያለው የ10ኛ ክፍል ተማሪ ወደ እነርሱ ዞሮ በንግግር ይመልሳል። እስካሁን ዝማሬው በድራማው መግቢያና መጨረሻ ላይ የሚለጠፍ ነገር ነበረ። አሁን አንዱን ገጸ ባሕርይ ራሱ ዝማሬው ተሸክሞታል፤ ለክበቡ ከዚህ የሚበልጥ ውሳኔ በዓመቱ ውስጥ የሚገጥመን አይመስለኝም።

ታኅሣሥ 9

የጽሑፍ ሳምንት። ግጥሙን የጻፍነው በቡሄ በሉ ምት ነው፤ በአንድ ስንኝ አራት ቀለም፣ ዕረፍት፣ ከዚያ ሌላ አራት ቀለም። ልጆቹ ይህን ምት በእግራቸው ያውቁታል፤ ዱላቸውን መሬት ላይ እየመቱ ያደጉበት ነው። ከብዙ ስረዛና ድልዝ በኋላ የጣይቱ ምክር በዚህ ላይ ጸና፦

«ጥይታችሁ አይጥፋ ከንቱ፣
ምንጩን ያዙት በሌሊቱ።»

ሁለተኛውን ስንኝ ያመጣው የ6ኛ ክፍል ተማሪ ነው። እኔ ያዘጋጀሁት ረዘም ያለ ነበር፤ የእርሱ ይሻላል፤ ትእዛዝ አጭር ሲሆን ነው የሚያምነው ሰው የሚያገኘው።

በዜማ ላይ የቃላቱ ጥብቀትና ልልነት ብዙ ጊዜ ወስዶብናል። የሚጠብቀው ፊደል በረዥም ድምፅ ላይ ከወደቀ ቃሉ ይዝላል፤ ስለዚህ ከፊቱ ያለውን ድምፅ አሳጥረን ምላስ በፊደሉ ላይ ለአፍታ እንዲያርፍ አደረግን። በአዳራሹ መጨረሻ የተቀመጠ ሰው ቃሉን ካልሰማ ዝማሬያችን ለድራማው ምንም አይሠራለትም።

የመጀመሪያው ትዕይንት የውጫሌን ውል ክርክር የሚያሳይ ነው። ሚያዝያ 25፣ 1881 ዓ.ም. ውሉ የተፈረመበት ውጫሌ የሚገኘው በአምባሰል በመሆኑ፣ ለዚህ ትዕይንት የአምባሰልን ቅኝት መርጠናል። ቅኝቱ ራሱ ስፍራውን ይጠራልናል፤ ክራሩ ያንን ጠባብ እርምጃ ገና ሲመታ ማንም አስረጂ ሳይናገር የት እንዳለን ይታወቃል። የመቀሌው ትዕይንት በትዝታ ይሆናል።

ጥር 20

የመንፈቀ ዓመቱ ፈተና አለቀ፤ ወደ ልኬት ተመለስን። ከቀጫጭኖቹ ረድፍ አምስት ልጆች ወደ ተሸጋጋሪዎች አልፈዋል፤ ከእነርሱ አንዱ የጣይቱን ቃል ከሁሉ ቀድሞ የሚያወጣው ልጅ ነው። የጥቅምት ልኬቱን ከዛሬው ጋር ሳስተያይ ከላይ አራት ድምፅ ያህል አጥቷል፤ ከታች ግን ከዚህ በፊት ያልነበሩ ድምፆች አግኝቷል። ሲነግሩት ዓይኑ እንባ አቀረረ። የያዘውን ቦታ ይወደው ነበር፤ መውደዱም ተገቢ ነው።

ያደረግነው ማስተካከያ ሁለት ነው። የጣይቱን ዜማ ሁለት ድምፅ ዝቅ አደረግነው፤ ክራሩም እንደገና ተቃኘ። ያንን ልጅ ደግሞ ምንጩን እንዲይዙ የተላኩትን ወታደሮች የሚመራ አዝማች አደረግነው። ከዚህ በኋላ በመቀሌው ትዕይንት መጀመሪያ ከቀጫጭኖቹ ጋር ሆኖ የመጨረሻዋን የምክር ስንኝ ሲቀበል ይታያል፤ ከዚያ ረድፉን ትቶ በመድረኩ መካከል አልፎ ወደ ወታደሮቹ ይሄዳል። ምክሩ ከእቴጌይቱ ወደ ጦሩ ሲተላለፍ በዓይን የሚታየው በእርሱ እርምጃ ነው። የድምፁ መለወጥ ለድራማው ያላሰብነውን ትዕይንት ሰጠው።

የካቲት 11

ስለ ሽለላና ቀረርቶ። ወታደሮቹ ወደ ምንጩ ከመውረዳቸው በፊት አንድ ቀረርቶ አለ፤ ልጆቹም የሚያዩት አብነት በቴሌቪዥን የሚሰሙት ጉሮሮን የሚቧጥጥ ጩኸት ነው። በለውጥ ላይ ላለ ድምፅ ይህ ጎጂ ነው፤ ያበጠ የድምፅ አውታር ላይ መጮህ ለቀናት ድምፅን ያዘጋል። የቀረርቶ ኃይል ያለው በትንፋሹ ርዝመትና በመጨረሻዋ ቃል አጣጣል ላይ መሆኑን ደጋግሜ አሳየሁ። እጃቸውን ከጎድን አጥንታቸው በታች አስቀምጠው፣ አየሩን ወደ ታች ስበው፣ ስንኙን በመካከለኛ ድምፅ ጀምረው እስከ መጨረሻው እንዳይቆርጡት ተለማመድን። ሦስቱ ብቻ እንዲያወጡ፣ ሌሎቹ በ«ሆ» እንዲቀበሉ ወስኛለሁ።

አልባሳቱ እየተዘጋጁ ነው። ጎፈሩን ከቃጫ ሠርተን በሻይ ቀለም አቅልመነዋል። ነጭ እጀ ጠባብና ነጠላ ከየቤቱ መጥቷል። ለጣሊያኖቹ ያረጀ ካኪ ኮት ተሰብስቧል። ነጋሪት ስለሌለን ሁለት ከበሮዎችን ጎን ለጎን አስቀምጠን በወፍራም ዱላ እንመታቸዋለን።

የካቲት 18

ዐቢይ ጾም ትናንት ገብቷል። ከልጆቹ ብዙዎቹ ከሰዓት በኋላ እስኪሆን ድረስ አይቀምሱም፤ ባዶ ሆድ ደግሞ ትንፋሽን ያሳጥራል፤ ረዥሙን ስንኝ መካከል ላይ የሚቆርጡት ልጆች በዝተዋል። የልምምዱን ሰዓት አሳጠርነው፣ አብዛኛውን ክፍልም ተቀምጠው እንዲያዜሙት አደረግን፤ ረዥሙን ስንኝ ለሁለት ቡድን ከፍለን አንዱ ሲተነፍስ ሌላው እንዲይዘው ሆነ። የረመዳን ጾምም በዚሁ ሳምንት መጨረሻ ስለሚገባ፣ ዝግጅቱ ዓርብ የካቲት 21 ጠዋት እንዲሆን ከአስተዳደሩ ጋር ተስማምተናል፤ በዓሉ ራሱ እሑድ ይውላል። ጠዋት መሆኑ ለጁምዓ የሚሄዱት ልጆች ሳይቻኮሉ እንዲደርሱም ይረዳቸዋል።

የካቲት 21

ዝግጅቱ ቀረበ። የክበቡን ድምፅ ማጉያ ለተራኪው ብቻ ነው የተጠቀምንበት፤ የቆርቆሮ ጣሪያ ባለው አዳራሽ ውስጥ ዝማሬ በማጉያ ሲያልፍ ቃሉ ይምታታል። ለዚህም ሲባል ልጆቹን ወደ ፊት አቅርበን ያለ ማጉያ እንዲያዜሙ አደረግን።

ከሁሉ የሠመረው የጥማቱ ትዕይንት ነው። በምሽጉ ውስጥ ያሉትን ጣሊያኖች የሚጫወቱት ተሸጋጋሪዎቹ ናቸው፤ ትንፋሽ የበዛበት፣ ያልረጋ ድምፃቸው ለዚህ ቦታ ተስማሚ ነበረ። አፋቸውን ዘግተው አንድ ድምፅ ይዘው ይጀምራሉ፤ ትዕይንቱ እየገፋ ሲሄድ አንድ በአንድ ያቋርጣሉ፤ በመጨረሻ የአንድ ልጅ ድምፅ ብቻ ይቀራል፣ እርሱም ይሰበራል። ያ መሰበር ከተፈጥሮ የመጣ ነበር፤ ሆኖም ከ900 በላይ ተማሪ ባለበት አዳራሽ የሳቀ ሰው አልሰማሁም። ይህ ልጅ በጥቅምት «በሽታ አይደለም ማለት ነው?» ብሎ የጠየቀኝ ነው።

ጋሊያኖና ጦሩ ከነመሣሪያቸው ሲወጡ የኢትዮጵያ ወታደሮች በሁለት ረድፍ ቆመው መንገድ ይለቁላቸዋል፤ በዚያን ጊዜ ሦስቱም ረድፎች የትዝታውን ዜማ እየተከታተሉ ገቡበት። ከበሮው ግን በቀረርቶው ጊዜ ሁለት ስንኝ ሸፍኖብናል፤ ለሰኔ ከመድረኩ ጀርባ መሆን አለበት። የታሪክ መምህራችን ከዝግጅቱ በኋላ የ8ኛ ክፍል ተማሪዎች ስለ ከበባው ጥያቄ ይዘው እንደመጡበት ነገረኝ፤ ለእኔ ከጭብጨባው የበለጠ ይህ ደስ አሰኝቶኛል።

መጋቢት 10

ሁለቱም ጾሞች ላይ ስለሆንን በዚህ ወር ዝማሬ የለንም፤ በጠረጴዛ ዙሪያ የሰኔውን ድራማ እንጽፋለን። የወላጆች ቀን ስለሆነ ቀለል ያለ ነገር እንዲሆን ልጆቹ ጠየቁ፤ እያንዳንዱ ከቤቱ የሰማውን የእንስሳት ተረት ይዞ እንዲመጣ አደረግን። እንስሳት የሴትና የወንድ ሚና ጥያቄን ያቀልሉልናል፤ ጦጣም ኤሊም በማንኛውም ድምፅ መናገር ይችላሉ።

ይህን አጋጣሚ ስለ ቀደምቶቻቸው ለመንገር ተጠቀምሁበት። የአገራችን የመጀመሪያው ዘመናዊ ተውኔት፣ በ1913 ዓ.ም. ገደማ በተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የተጻፈው፣ አውሬዎችን በገጸ ባሕርይነት ያቀረበ ነበር፤ ትችቱ ከቤተ መንግሥት ዘንድ ቁጣ አስነሥቶ ለጊዜው ቴአትር ታግዶ ቆይቷል። ከዚያ በኋላ ቴአትርን ያቆዩት በአብዛኛው ትምህርት ቤቶች ናቸው። ዮፍታሔ ንጉሤ መምህር ሆኖ በተማሪዎች የሚቀርቡ፣ መዝሙር የተዋሐዳቸው ተውኔቶችን ይጽፍ ነበር፤ ኬቮርክ ናልባንዲያንም በ1917 ዓ.ም. ገደማ ከኢየሩሳሌም ከመጡት አርባ የአርመን ልጆች ጋር መጥቶ የሙዚቃ ትምህርትን አስፋፍቷል። ጸጋዬ ገብረ መድኅንም የመጀመሪያ ተውኔቱን የጻፈው በአምቦ ተማሪ በነበረበት ጊዜ ነው። ይህን ሲሰማ «እኛም ከእነርሱ መስመር ነን ማለት ነው» ያለው ልጅ ከዚያ ቀን ጀምሮ የጽሑፍ ቡድኑን ይመራል።

ሚያዝያ 20

ፋሲካ አለፈ፤ ዒድም ካለፈ ቆይቷል። ወደ ዝማሬ ተመልሰናል፤ ከወር በላይ ዕረፍት በኋላ የመጀመሪያው ሥራ ልኬት ነበር። ስድስት ልጆች ተዛውረዋል፣ ሁለቱ በቀጥታ ወደ ጎርናኖች። ለድራማው አንድ የኤሊና የዝንጀሮ ተረት መርጠናል።

ግንቦት 13

የ8ኛ ክፍል ተማሪዎች ለከተማ አቀፉ ፈተና መዘጋጀት ስላለባቸው ከልምምድ ተሰናብተዋል፤ ከተሸጋጋሪዎቹ ረድፍ ግማሽ ያህሉ እነርሱ ነበሩ። ረድፉን ከመሙላት ይልቅ መዋቅሩን ቀየርነው። «ተረት ተረት» ሲባል «የላም በረት» ብሎ መቀበል በእያንዳንዱ ቤት ስለሚታወቅ፣ የመካከለኛውን ረድፍ ቦታ ለተመልካቾች ሰጠናቸው፤ ተራኪው በየትዕይንቱ መካከል ይጥራል፣ ወላጆች ይቀበላሉ፣ ጎርናኖቹም ከሥር መነሻውን ይይዛሉ።

ሌላው ሐሳቤ ዝናብ ነው። በሰኔ ዝናቡ በቆርቆሮው ላይ ሲወርድ 40 ልጅ ቀርቶ 100 ልጅም አይሰማም። የአዲስ አበባ ዝናብ አብዛኛውን ጊዜ ከሰዓት በኋላ ስለሚበረታ ዝግጅቱ ጠዋት 3 ሰዓት እንዲጀምር ጠይቄ ተፈቅዶልኛል። ዝናቡ ቢቀድመን ደግሞ በንግግር የሚሄዱትን ትዕይንቶች በከበሮና በእንቅስቃሴ ብቻ የምናሳልፍበት ሁለተኛ ቅጂ ተለማምደናል።

ሰኔ 14

የወላጆች ቀን። ዝናቡ ከመጨረሻው ትዕይንት በፊት ወረደ። ለተራኪው ምልክት ሰጠሁት፤ ልጆቹም ሳይደናገጡ ወደ ሁለተኛው ቅጂ ተሻገሩ፤ ኤሊው በከበሮው ምት እየተራመደ አዳራሹን ዞሮ ወላጆች መካከል ገባ። ከበሮው በዚህ ጊዜ ከመድረኩ ጀርባ ስለነበረ ማንንም አልሸፈነም።

የ8ኛ ክፍል ልጆችም ፈተናቸውን ጨርሰው ስለመጡ ለመዝጊያው መዝሙር ወደ ረድፋቸው ተቀላቀሉ። በጥር ያለቀሰው አዝማች ዛሬ ከጎርናኖቹ ጋር ቆሞ መነሻውን ድምፅ ይይዝ ነበር። እናቱ መጥተው «መምህር፣ ልጄ አሁን ቤት ውስጥ ሲያንጎራጉር የአባቱ ድምፅ ይመስለኛል» አሉኝ። ዓመቱን በሙሉ በደብተር ላይ በቁጥርና በምልክት ስመዘግበው የነበረውን ነገር እርሳቸው በቤታቸው ሰምተውታል።

ሰኔ 20

የዓመቱ የመጨረሻ ልኬት ተመዘገበ። በመስከረም ከተመዘገቡት መካከል ሦስቱ ከትምህርት ቤቱ በመዛወራቸው ተለይተውናል፤ ድምፁ ስለተለወጠ የወጣ ልጅ ግን የለም። ቀጫጭኖች በግማሽ ቀንሰዋል፣ ጎርናኖች እጥፍ ሆነዋል። ስለዚህ የሚቀጥለው ዓመት መዝሙሮች መነሻቸው ዝቅ ብሎ ይጻፋል፤ በመስከረምም ከ5ኛ ክፍል ብዙ ልጅ ለመመዝገብ ለክፍል ኃላፊዎቹ ከወዲሁ ነግሬያለሁ። የክራሩ ሁለት ጅማቶች መለወጥ አለባቸው። ጎፈሮቹ በጋዜጣ ተጠቅልለው በመጋዘኑ ከፍተኛ መደርደሪያ ላይ ተቀምጠዋል።

ከሴቶች ትምህርት ቤቱ የክበብ ኃላፊ ጋር ለ2018 ዓ.ም. ቅዳሜ ጠዋት የጋራ ልምምድ ለማድረግ ተነጋግረናል፤ ርእሰ መምህሮቹ በነሐሴ ይወስናሉ። ከተፈቀደልን፣ በጽሑፍ ቡድኑ መሪ የተጀመረው አዲስ ተውኔት የሴት ገጸ ባሕርያት በሙሉ በሴቶች ድምፅ እንዲሠራ የመጀመሪያ ንባቡ በጥቅምት ይሆናል።